የከባድ መኪና ቀለም በፖሊሽ ማሽንና በስፖንጅ ስለ መወልወል

ፖሊሽ የሚለው ቃል በአገራችን ጋራዦች ውስጥ እንደ አማርኛ ሆኖ ከሚነገርባቸው የውጭ አገር ቃላት አንዱ ነው። መኪናው ፖሊሽ ተደረገ በተባለ ጊዜ ብዙ ሰው የሚመስለው በቀለሙ ላይ አንድ የሚያበራ ነገር የተጨመረበት ነው። ለዚህም አስተሳሰብ ምክንያት የሆነው የሊስትሮ ሥራ ሳይሆን አይቀርም፤ ሊስትሮ ጫማ ሲያሳምር በቆዳው ላይ ሰምና ቀለም ይጨምራልና። በማሽን የሚደረገው የመኪና ፖሊሽ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ማሽኑ ከቀለሙ ላይ ይፍቃል፤ ይቀንሳል እንጂ ምንም አይጨምርም። መኪናው የሚያበራውም የተጎዳው የቀለም ገጽ ተፍቆ ከሥሩ ያለው ደኅናው ስለሚገለጥ ነው።

ይህ ልዩነት የቃል ልዩነት ብቻ አይደለም። ለአንድ ባለ መኪና የጭነት መኪናው የቤተሰቡ መተዳደሪያ ነው፤ ቀለሙም ላሜራውን ከዝገት የሚጠብቅ ልብስ ነው። ፖሊሽ መጨመር መስሎት በየጊዜው የሚያስወለውል ሰው፥ ገንዘብ እየከፈለ የመኪናውን ልብስ በገዛ እጁ ያሳሳል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቀለሙን አሠራር፥ የሚደክምበትን ምክንያት፥ የማሽኑንና የስፖንጁን ጠባይ፥ እንዲሁም ሥራው በትንሽ ኪሣራ የሚፈጸምበትን መንገድ በአጭሩ ማስረዳት ነው።

ሀ፤ ስለ ቀለሙ ሽፋን

የመኪና ቀለም አንድ ወጥ ሽፋን አይደለም። በፋብሪካ በሚቀባ ዘመናዊ መኪና ላይ በመጀመሪያ ላሜራውን ከዝገት የሚከለክለው ፕራይመር ይደረጋል፤ ቀጥሎ ገጹን የሚያስተካክል ሁለተኛ ፕራይመር፥ ከዚያም መልኩን የሚሰጠው ቀለም፥ በመጨረሻም ጋራዦች «ክሊር» የሚሉት፥ መልክ የሌለው እንደ መስተዋት ጥርት ያለ ሽፋን ይደረብበታል። የእነዚህ ሁሉ ውፍረት የሚለካው በማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር 1000ኛ ክፍል ነው። አራቱ ሽፋኖች በአንድነት አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 130 ማይክሮን ይሆናሉ፤ ከዚህም ውስጥ የክሊሩ ድርሻ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ነው። አንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት 100 ማይክሮን ያህል ውፍረት አለው። እንግዲህ መኪናውን የሚያለብሰው ሽፋን በሙሉ ከአንድ ወረቀት ብዙም አይበልጥም፤ ክሊሩ ብቻውን ሲታይ ደግሞ የወረቀቱን ግማሽ ያህል ነው።

ሁሉም መኪና ክሊር ያለው አይደለም። በሥራ መኪናዎች ላይ፥ በተለይም ነጭና ቢጫን በመሳሰሉት ተራ መልኮች፥ ቀለሙ ራሱ የመጨረሻው ሽፋን የሚሆንበት አቀባብ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ሁለቱን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ጥቂት ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ ላይ አድርጎ በማይታይ ስፍራ ማሸት ነው። ጨርቁ የመኪናውን መልክ ከያዘ ክሊር የለውም፤ ካልያዘ ክሊር አለው ማለት ነው። ነጭ መኪና ሲሆን በነጭ ጨርቅ ፈንታ ጥቁር ጨርቅ መጠቀም ያስፈልጋል።

የአቀባቡ ታሪክ ዛሬ የምናየውን ልማድ ለመረዳት ይጠቅማል። የአሜሪካው የዱፖን ኩባንያ «ዱኮ» የተባለውን የናይትሮሴሉሎዝ ቀለም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1923 ዓ.ም. ካወጣ በኋላ፥ ቀድሞ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የመኪና አቀባብ በጣም አጠረ። ይሁን እንጂ ያ ቀለም እንደ ተቀባ አያበራም ነበር፤ የሚያበራው በብዙ ድርብ ከተቀባ በኋላ ተወልውሎ ነው። በዚያ ዘመን መወልወል የአቀባቡ ክፍል ነበር። በቀለሙ ላይ ክሊር የመደረቡ ልማድ በመኪና ፋብሪካዎች ዘንድ የተስፋፋው ግን በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ክሊር ሳይወለወል በራሱ ያበራል፤ ስስም ነው። ስለዚህ በወፍራሙ ቀለም ዘመን የተለመደውን ጠንካራ አወላወል ዛሬ ባለው ስስ ሽፋን ላይ መድገም ትልቅ ጉዳት ያመጣል።

ለ፤ ቀለም ስለሚደክምበት ምክንያት

የቀለም ጠላቶች ብዙዎች ናቸው፤ ከሁሉ የሚበልጡት ግን ፀሐይና አቧራ ናቸው።

የፀሐይ ብርሃን ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት የተባለ ጨረር አለው። ይህ ጨረር የቀለሙን ማጣበቂያ ቀስ በቀስ ይበጣጥሰዋል። በነጭ ቀለም ውስጥ የሚገኘው የቲታኒየም ኦክሳይድ ዱቄትም ጨረሩን ተቀብሎ ማጣበቂያውን ለማፍረስ ሊረዳ ይችላል። ማጣበቂያው ሲፈርስ የቀለሙ ዱቄት ልቅ ሆኖ በገጹ ላይ ይቀራል። ያረጀ ነጭ መኪና በእጅ ሲዳሰስ እንደ ጠመኔ ያለ ነጭ ዱቄት በመዳፍ ላይ የሚቀረው ስለዚህ ነው። የጨረሩ ኃይል በየ1000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብላ በምትገኘው በአዲስ አበባ ውጭ የሚያድር የሚውል መኪና፥ በባሕር ጠረፍ ካለው ይልቅ ጠንከር ያለ ጨረር ያርፍበታል።

አቧራ ደግሞ በሌላ መንገድ ይጎዳል። በመንገድ አቧራ ውስጥ ከሚገኙት ቅንጣቶች አንዱ ኳርትዝ ነው፤ ይህም ከማናቸውም የመኪና ቀለም እጅግ የጠነከረ ድንጋይ ነው። አቧራው በቀለሙ ላይ ተቀምጦ ሳለ ብቻውን ብዙ ጉዳት አያደርስም። ጉዳቱ የሚመጣው ረዳቱ መኪናውን በደረቅ ጨርቅ በጠረገ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ጨርቁ የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል፤ እያንዳንዱም ጠረጋ ቁጥራቸው የበዛ ቀጫጭን ጭረቶች ይተዋል። ከጅቡቲ ወደብ ጭነው የሚመለሱ መኪናዎች በዚህ ላይ የባሕሩን ጨዋማ አየርና የቆላውን ሙቀት ጨምረው ይዘው ይመጣሉ።

ለስላሳ ገጽ ብርሃንን እንደ መስተዋት በአንድ አቅጣጫ ይመልሳል። የተጫረ ገጽ ግን በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ መኪናው የደበዘዘ የሚመስለውም ስለዚህ ነው። ፀሐይ በቀለሙ ላይ ባረፈችበት ስፍራ ዙሪያውን እንደ ሸረሪት ድር ያለ ክብ የሚታየውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ጭረቶቹ በእውነት በክብ የተሰለፉ አይደሉም፤ በየአቅጣጫው ተበታትነዋል። ነገር ግን ከነሱ መካከል ብርሃኑን ወደ ተመልካቹ ዓይን የሚመልሱት ለብርሃኑ አግድም የሆኑት ብቻ ስለሆኑ ክብ መስለው ይታያሉ።

ሐ፤ ስለ ማሽኑና ስለ ስፖንጁ

ፖሊሽ ማሽን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ሲሆን ክብ ስፖንጅ የሚለጠፍበት ራስ አለው። በዚህ ጽሑፍ የምንናገርለት ራሱ በአንድ ዘንግ ላይ ቀጥ ብሎ የሚዞረውን ነው። ከዚህ የተለየ፥ ራሱ እየዞረ ደግሞም ወዲያና ወዲህ የሚንቀጠቀጥ ሁለተኛ ዓይነት ማሽን አለ፤ እርሱ ሙቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ለጀማሪ ይሻላል፤ ሥራው ግን አዝጋሚ ነው። ቀጥ ብሎ የሚዞረው ፈጣንና ኃይለኛ በመሆኑ ለከባድ መኪና ሰፊ ገጽ ይመረጣል፤ አደጋውም የዚያኑ ያህል ነው።

የፍጥነቱን ነገር በቁጥር መመልከት ያሻል። ወርዱ 180 ሚሊሜትር የሆነ ስፖንጅ በደቂቃ 600 ጊዜ ሲዞር ዳርቻው በሰዓት 20 ኪሎሜትር ያህል ይሮጣል። በደቂቃ 1500 ሲዞር 51 ኪሎሜትር፥ 3000 ሲዞር ደግሞ 102 ኪሎሜትር ያህል ይሆናል። የስፖንጁ መካከል ግን ከሞላ ጎደል እንደ ቆመ ነው። በዚህ ፍጥነት የሚታሽ ቀለም ይሞቃል፤ በአንድ ስፍራ ለጥቂት ሴኮንድ ከቆመበትም ይለሰልሳል፥ ከዚያም ይቃጠላል። ብረት መቁረጫ ግራይንደር በማሽኑ ፈንታ ሊሠራ አይገባውም፤ ትንንሾቹ ግራይንደሮች በደቂቃ ከ10,000 ጊዜ በላይ የሚዞሩ ናቸውና ቀለሙን ሳይጨርሱ አይመለሱም።

በማሽኑ ራስ ላይ ቀድሞ ይለጠፍ የነበረው የበግ ጠጉር ነው። ጠጉር ፈጥኖ ይፍቃል፤ ዛሬም ለከባድ ሥራ ይገለገሉበታል፤ ግን የራሱን ጭረት ይተዋል። ስፖንጅ ከፖሊዩሬቴን የሚሠራ ሆኖ በውስጡ እልፍ አእላፍ ቀዳዳዎች አሉት። ከገጹ ጋር አብሮ ስለሚተጣጠፍ የእጅን ጭነት ያከፋፍላል፤ ፖሊሹንም በቀዳዳዎቹ ይዞ ጥቂት በጥቂት ይለቃል። ይሁን እንጂ ከጠጉር ይልቅ ሙቀትን አፍኖ ይይዛል።

ስፖንጆች በጠቅላላው በሦስት ይከፈላሉ፤ ጠንካራው ለመፍቂያ፥ መካከለኛው ለመወልወያ፥ ለስላሳው ለማጠናቀቂያ ነው። ሠሪዎቹ በልዩ ልዩ መልክ ያወጧቸዋል፤ ግን የአንዱ ኩባንያ ብርቱካንማ ከሌላው ብርቱካንማ ጋር እኩል ጥንካሬ ይኖረዋል ማለት አይደለም። ስለዚህ መልኩን ከማመን በጣት ጨብጦ መመርመር ይበልጣል። በእውነቱ የሚፍቀው ስፖንጁ ብቻም አይደለም፤ በፖሊሹ ውስጥ ያለው ዱቄት ነው። ይህም ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ሲሆን ከኳርትዝ ይልቅ የጠነከረ ነው። እንግዲህ የፍቂያውን ልክ የሚወስኑት አምስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የዱቄቱ ሻካራነት፥ የስፖንጁ ጥንካሬ፥ የማሽኑ ፍጥነት፥ የእጅ ጭነትና በአንድ ስፍራ የሚቆይበት ጊዜ ናቸው።

መ፤ ስለ ሥራው ቅደም ተከተል

1ኛ፤ ማጠብ። መኪናው በመጀመሪያ በብዙ ውሃ፥ ከላይ ወደ ታች ይታጠባል። በጋቢናው ታችኛ ክፍልና በፓራፋንጎው ላይ የተጣበቀ ሬንጅ ካለ በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ይለቀቅና ስፍራው እንደገና በሳሙና ይታጠባል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በስፖንጁ ሥር ከቀረች ሥራውን ሁሉ ታበላሻለችና ይህ ክፍል በችኮላ አይታለፍም። መኪናው በጥላ ሥር ሆኖ ላሜራው መቀዝቀዝ አለበት።

2ኛ፤ መመርመርና መለካት። የቀለም ውፍረት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ በብረት ላሜራ ላይ በማግኔት ኃይል ይሠራል። መሣሪያው የሽፋኖቹን ድምር እንጂ የክሊሩን ብቻ አይናገርም፤ ቢሆንም ከሌላው ስፍራ በጣም ያነሰ ቁጥር የተገኘበት ክፍል ቀድሞ የተፋቀ ሊሆን ስለሚችል ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በጣም የበለጠ ቁጥር ከተገኘ ደግሞ ስፍራው ስቱኮ ተሞልቶበት እንደገና የተቀባ ሊሆን ይችላል። ጭረቱንም በጥፍር መፈተሽ ይገባል፤ ጥፍርን የሚይዝ ጭረት ጥልቅ ነውና ፖሊሽ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

3ኛ፤ መሸፈን። የላሜራው ጠርዝና ማጠፊያ፥ የበሩ እጀታ፥ ጎማና ፕላስቲክ ሁሉ ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ይሸፈናሉ። በጠርዝ ላይ ቀለም ከሌላው ስፍራ ይልቅ ስስ ነው፤ የስፖንጁም ጭነት በዚያው በጠባቡ መሥመር ላይ ይሰበሰባል። ማሽን በብዛት እስከ ላሜራ የሚደርሰው በጠርዝ ላይ ነው። ፕላስቲክ ደግሞ ሙቀትን እንደ ብረት ስለማያሰራጭ ቀለሙ ፈጥኖ ይቃጠላል። በከባድ መኪና በር ላይ በእጅ የተጻፈ የባለቤት ስም፥ የጭነት ልክ ወይም ሌላ ጽሑፍ ካለም መሸፈን አለበት፤ ማሽኑ ጽሑፉን ከቀለሙ ለይቶ አያውቅምና።

4ኛ፤ መሞከር። ሁሉ ነገር በ40 በ40 ሴንቲሜትር ስፍራ ላይ ይፈተናል። ደንቡም ከለስላሳው መጀመር ነው፤ ለስላሳው ካልበቃ ወደ መካከለኛው፥ እርሱም ካልበቃ ወደ ጠንካራው መሻገር ይገባል። ብዙ ሰው የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ ከሻካራው ይጀምርና ጭረቱ በመጥፋቱ ይደሰታል። ነገር ግን በ2 ማይክሮን ይድን የነበረው ገጽ 5 ማይክሮን ተወስዶበት እንደ ሆነ ዓይን አይቶ ሊነግረው አይችልም።

5ኛ፤ መወልወል። በስፖንጁ ላይ ሽምብራ የሚያክሉ ሦስት ወይም አራት ጠብታዎች ይደረጋሉ። ማሽኑ ሳይነሣ ስፖንጁ በቀለሙ ላይ ይቀመጣል፤ አለዚያ ፖሊሹ ይረጫል። በመጀመሪያ በደቂቃ 600 ዙር ይዳረሳል፤ ከዚያ ከ1000 እስከ 1500 ባለው ፍጥነት ይሠራል። ማሽኑ በዝግታ፥ በሴኮንድ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር እየሄደ፥ አንዱ ጉዞ የሌላውን ግማሽ እየሸፈነ ይመላለሳል። ስፖንጁ ከሞላ ጎደል ጠፍጣፋ ሆኖ መያዝ አለበት፤ በዳርቻው ብቻ የቆመ እንደ ሆነ ጭነቱ ሁሉ በአንድ ስፍራ ይወድቃል። ወደ ጠርዝ በተቃረበ ጊዜም ስፖንጁ ከላሜራው ወደ ውጭ የሚዞርበት ጎን በጠርዙ ላይ ይሁን እንጂ ከውጭ ወደ ጠርዙ የሚገባው ጎን አይሁን። በየመካከሉ ላሜራው በእጅ ይዳሰሳል፤ ለብ ማለቱ ደኅና ነው፥ እጅን የማያስቆይ ከሆነ ግን ሥራው ቆሞ ይቀዝቅዝ። ስፖንጁም በፖሊሽና በተፋቀ ቀለም ሲሞላ በብሩሽ ይጸዳል፥ ወይም ይለወጣል።

6ኛ፤ ማጠናቀቅ። ቀጥ ብሎ የሚዞር ማሽን ከጠንካራ ስፖንጅ ጋር ሲሠራ የራሱን ሞገድ መሰል ምልክት ይተዋል። ስለዚህ በለስላሳ ስፖንጅና በለስላሳ ፖሊሽ፥ ከ800 እስከ 1000 ዙር ባለው ፍጥነት፥ እጅ ሳይጫን እንደገና ይታለፋል። በመጨረሻም መከላከያ ሰም ይቀባል፤ ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው የካርናውባ ሰም ከታወቁት አንዱ ነው። በዚህ ሥራ ሁሉ መካከል በእውነት የሚጨመረው ይህ ሰም ብቻ ነው። እርሱም በጥቂት ሳምንት ወይም ወር ውስጥ ስለሚያልቅ በየጊዜው በእጅ ሊታደስ ይገባል፤ ይህን ለማድረግ ማሽን አያስፈልግም።

የሠራተኛውም ደኅንነት መዘንጋት የለበትም። የከባድ መኪና ጋቢና ከፍ ያለ ስለሆነ በጎማ ወይም በመከላከያ ብረት ላይ ተንጠላጥሎ መሥራት አደገኛ ነው፤ የማይነቃነቅ መቆሚያ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪኩ ገመድ ስፖንጁ እንዳይጠመጥመው በትከሻ ላይ ይደረግ። የተንዘረፈፈ ልብስ አይለበስ። መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛም ይደረግ፤ በተለይ በድሮዎቹ ቢጫና ቀይ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል አቧራቸው ለጤና ጎጂ ነው።

ሠ፤ ፖሊሽ ስለማያድነውና ስለሚደብቀው ጉዳት

ክሊሩ እንደ እባብ ቆዳ መላጥ የጀመረበት መኪና በፖሊሽ አይድንም፤ ማሽኑ የተላጠውን ዳርቻ ያሰፋዋል እንጂ አይመልሰውም። ከቀለሙ ሥር የተነሣ ዝገትም እንዲሁ ነው። ለእነዚህ ያለው መፍትሔ ስፍራውን ፍቆ እንደገና መቀባት ነው።

ከዚህም ሌላ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። በአንዳንድ ፖሊሾች ውስጥ ያለው ዘይትና ሰም ጭረቱን ሳያጠፋ ይሞላዋል። መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ እንደ አዲስ ያበራል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ግን ጭረቱ ተመልሶ ይታያል። ባለ መኪናውም ፖሊሹ አለቀ ብሎ እንደገና ያስፈቃል። ይህ ዑደት ነው ቀለሙን የሚጨርሰው። ለማረጋገጥ የሚሻ ሰው ገጹን ውሃ በተጨመረበት አልኮል ጠርጎ፥ በፀሐይ ወይም በጠንካራ መብራት ቢመለከት እውነቱን ያገኛል። አሮጌ መኪና ሊገዛ የሚሄድም ሰው በጥላ ሥር ያየውን ብልጭታ ብቻ ባያምን መልካም ነው።

ረ፤ መደምደሚያ

እስካሁን የተባለውን በአንድ ስሌት ማጠቃለል ይቻላል። ክሊሩ 45 ማይክሮን ነው እንበል። ጨረርን የሚከላከለው እርሱ ስለሆነ በመኪናው ዕድሜ ሁሉ ከ8 እስከ 12 ማይክሮን ከሚሆነው በላይ እንዳይነሣ የሙያው ሰዎች ይመክራሉ። አንድ ከባድ ፖሊሽ 4 ማይክሮን የሚወስድ ቢሆን ሦስት ጊዜ ብቻ ተወልውሎ ያ ሁሉ ያልቃል። አንድ ቀላል ፖሊሽ 1 ማይክሮን የሚወስድ ቢሆን ግን ለዐሥራ ሁለት ጊዜ ይበቃል። ባለ መኪናው በየዓመቱ ለበዓል ሲል ከባዱን የሚያስደርግ ከሆነ በአራተኛው ዓመት ከማይነካው ክፍል ላይ መብላት ይጀምራል።

ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ፖሊሽ እንዳያስፈልግ ማድረግ ነው። ረዳቱ መኪናውን በደረቅ ጨርቅ ከመጥረግ ይከልከል፤ አቧራው በብዙ ውሃ ይውረድ፤ አንዱ ባልዲ ለሳሙናው፥ ሌላው ጨርቁን ለማጥሪያ ይሁን። በላቫጆም ቢሆን የጎማው ብሩሽ ወደ ጋቢናው እንዳይወጣ ማሳሰብ ይገባል። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሰሙን ስለሚያነሣ ለመኪና የሚሠራውን ሳሙና መጠቀም ይሻላል። ማሽኑ የሚጠራው ይህ ሁሉ ሆኖ ቀለሙ የደበዘዘ እንደ ሆነ ነው፤ በተጠራም ጊዜ ከለስላሳው ስፖንጅ ይጀመር። ጋራዥ የሚሄድ ባለ መኪናም «ምን ያህል ያበራል» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ምን ያህል ይቀርለታል» ብሎ ቢጠይቅ፥ ቀለሙ ላሜራውን ጠብቆ ብዙ ዘመን ይቆያል።